ለቅሶ ቤት የምትውለው ጎረቤቴ

ደብረ ብርሃን በተከራየሁበት ግቢ፣ ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ወዳለው ክፍል አንዲት የአርባ ምንጭ ሴት ገባች። ወሩ ኅዳር ነበር። ዕቃዋን ከባጃጅ ስታወርድ ሁለት ብርድ ልብስ ለብሳለች፤ አንዱን ወገቧ ላይ እንደ ሽርጥ አስራ፣ ሌላውን እንደ ጋቢ ደርባ። አከራያችን አሮጊት ናቸው፤ በረንዳቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ፣ "ልጄ፣ ምነው? ብርዱ ገና መች መጣና!" አሏት።

"እማማ፣ አዞ ካለበት አገር በሰላም አድጌ እዚህ ብርድ ከበላኝ ዘመድ ይስቅብኛል" አለቻቸው።

አሁን ያ ክፍል የሌላ ሰው ነው። እሷ ጉልበቷን ብርዱ ስለጎዳው ወደ ሐዋሳ ሄዳለች። አንዳንድ ጊዜ ከሥራ ስመለስ ግን ከግድግዳው ማዶ ሳቋን የምሰማ ይመስለኛል፤ ቆም እልና ወደ ክፍሌ እገባለሁ።

እኔ በሰው ፊት አፌ ቶሎ አይፈታም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ነው የተቀጠርኩት፤ ዝም ማለት የሥራው ደንብ ስለሆነ ተስማምቶኛል። ግቢው ውስጥ ሰው ቆሞ ሲያወራ ከሰማሁ እስኪበተን ጠብቄ ነበር የምወጣው። እሷ ግን ገና እንግዳ ሳለች ዝንጅብል የበዛበት ሻይ ይዛ በሬን አንኳኳች።

"እርስዎ ለምን ይቸገራሉ?" አልኳት፤ በአርባዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ናት።

"በናትሽ ተይኝ፤ እርስዎ ስትይኝ ጉልበቴን ያመኛል።"

ከዚያ ወዲያ አንቺ ተባባልን።

ሥራዋ ምን እንደሆነ ግን ማናችንም አናውቅም ነበር። የምናየው ጠዋት ጠዋት ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለብሳ ስትወጣ ነው። አከራያችን በመጨረሻ አላስችል አላቸው። "ይቺ ሴትዮ ዘመዷ አያልቅም እንዴ? ከዚያ ሁሉ አገር መጥታ እዚህ ማነው ዕለት ዕለት የሚሞትባት?" አሉኝ። እኔም ቆይቼ፣ በጣም ቆይቼ፣ ራሷን ጠየቅኳት።

በአገሯ ፖሊስ ነበረች። ወደዚህ የመጣችው የአንድ ፋብሪካ የጥበቃ ኃላፊ ሆና ነው፤ ከዚያ ለቅቃ የግል መርማሪ ሆነች። ሰው የጠፋበት፣ ልጁን ሊድር ሲል አማቹን ያላመነ፣ ዋስ የከዳው ወደ እሷ ይመጣል። ካርዷ ግን የሚለው "ጉዳይ አስፈጻሚ" ነው።

"መርማሪ ብዬ ባሳትም ማን ቤት ያከራየኛል? ማንስ ጉዱን ይነግረኛል?" አለችኝ። "በቀደም አንዱን ሙሽራ አጣሪልን ተባልኩ። 'ሚስት የለኝም' ብሏቸዋል። ሄጄ ባየው እውነቱን ነው፣ ሚስት የለውም። ሦስት ልጆቹ ግን ሁሉም አግብተዋል።"

"ለቅሶውስ?"

"ለቅሶው ቢሮዬ ነው። ሠርግ ላይ ሰው የሚያየው ልብስ ነው። ለቅሶ ላይ ግን ማን መጣ፣ ማን ቀረ እያለ ይከታተላል። እኔ እንደዚያ የሚከታተል ሰው አጠገብ ሄጄ እቀመጣለሁ፤ መጠየቅ እንኳ አያስፈልገኝም።"

"የማታውቂው ሰው ሞቶ ታለቅሻለሽ?"

"ድሮ አስመስል ነበር። አሁን ከመቀመጤ የእውነቱ ይመጣል። አንዴማ ከሟች ሚስት ብሼ ሴቶቹ እሷን ትተው እኔን አጽናኑኝ።"

ሳቅሁ። በዚያ ግቢ ውስጥ ድምፄን አውጥቼ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር፤ አከራያችን በመስኮት ብቅ ብለው አዩኝ።

ስለ እህቴ የነገርኳት አንድ እሑድ ቧንቧው ሥር ልብስ እያጠብን ነው። እንዴት እንደጀመርኩት አላስታውስም። የአንሶላ ጫፍና ጫፍ ይዘን እየጨመቅን ስለነበር ዓይን ለዓይን መተያየት አላስፈለገንም፤ ምናልባት ለዚያ ይሆናል የቀለለኝ።

ቤታችን አንኮበር ነው። ታላቅ እህቴ ፀጉሬን ስትሠራኝ፣ ፊደል ስታስቆጥረኝ ነው ያደግሁት። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከታች ከአልዩ አምባ ነጋዴ ጋር ተዋደደች። ሰውየው ሙስሊም ነው። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይለይ ሰው ነበር፤ የሄደች ዕለት "ከእንግዲህ አንድ ልጅ ብቻ ነው ያለኝ" አለ፤ አጎቶቼም ቃሉን አጸኑት። ስልኳ አይሠራም፤ ከአልዩ አምባም ለቅቀው ሄደዋል ተባለ። በቤታችን ስሟን የሚያነሳ ጠፋ። እኔ ግን ሻይ ስቀዳ የእሷን ብርጭቆ አስቀድማለሁ፤ ገበያ ውስጥ ከኋላዋ እሷን የምትመስል ሴት ሳይ እግሬ ይፈጥናል። አምና አባቴ ሞተ። ለቅሶው ላይ ዓይኔ ከድንኳኑ በር አልተነቀለም፤ አልመጣችም።

"አንድ ጊዜ ብቻ ባያት" አልኩ። "እንዴት እንደኖረች፣ ምን እንደመሰለች ባይ።"

አንሶላውን ገመድ ላይ እየዘረጋች፣ "ላገኛት እችል ይሆናል። ግን አንድ ደንብ አለኝ" አለች። "የጠፋ ሰው ሳገኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ራሱን ነው። አይነገርብኝ ካለኝ ከአፌ አይወጣም። እህትሽ እንደዚያ ብትል፣ ደህና መሆኗን ብቻ እነግርሻለሁ። ይበቃሻል?"

"ይበቃኛል" አልኳት። አይበቃኝም ነበር።

"በይ እንግዲህ የአባትሽን ለቅሶ ንገሪኝ። ማን ከየት መጣ?"

የማስታውሰውን ሁሉ ነገርኳት። የዕድሩን ሰዎች፣ ከሰላ ድንጋይ የመጡትን ዘመዶች፣ ካህናቱን። አባቴ በግና ገብስ ለቆላ ነጋዴዎች ይሸጥ ስለነበር ከአልዩ አምባም በአንድ መኪና ሙሉ ሰው መጥቶ ነበር፤ ወንዶችም ሴቶችም። ሴቶቹ ጥግ ላይ ተቀመጡ። ንፍሮ ያዞርኩላቸው እኔ ነኝ። ሲነሱ ተራ በተራ ወደ እናቴ እየቀረቡ "አላህ ያጥናችሁ" ብለው ወጡ።

"ሁሉም?"

"ሁሉም። አንዷ ብቻ… ፊቷን እስከ ዓይኗ የሸፈነች ነበረች። እሷ ምንም ሳትል ወጣች። አክስቴ እንኳ 'ምን ያለችው ናት? ያጥናችሁ እንኳ አትልም!' ብላ ታዝባታለች።"

ጎረቤቴ የልብስ መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣች። "አንቺ ያን ዕለት ለእናትሽ 'ያጥናሽ' ብለሻታል?"

"እኔማ እንዴት እላለሁ? ሐዘኑ የእኔም…"

እርጥቡን ልብስ እንደያዝኩ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ። ሰፌዱን ይዤ ፊቷ ቆሜ ነበር። ንፍሮውን በእጇ ተቀብላኛለች።

"እርግጠኛ አይደለሁም" አለች ጎረቤቴ፤ ድምፅዋ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። "የደነገጠች ሴትም ትረሳዋለች። አልዩ አምባ ወርጄ ልይ።"

ለአልዩ አምባ ገበያ ዋዜማ አብረን አንኮበር ሄድን። ለእናቴ ጎረቤቴ መሆኗንና አገሩን ማየት መፈለጓን ብቻ ነገርኳት። እናቴ አሁንም ጥቁሯን አላወለቀችም። እንግዳዋን ምድጃ ዳር አስቀምጣ በሶ በጠበጠችላት።

"አገርሽ የት ነው ልጄ?"

"አርባ ምንጭ፣ እማማ።"

"እዚያ ምን ይበላል?"

"እኛ ዓሣ እንበላለን፤ ከእኛ የተረፈውን አዞ ይበላል፤ ዓሣ ያነሰ ቀን ደግሞ እኛን።"

እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ከለቅሶው ወዲህ ጥርሷን አይቼ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ጎረቤቴ ከገበያተኛው ጋር በአይሱዙ ወረደች። እኔ አብሬ ልውረድ ብዬ ነበር፤ "ደንቡስ?" ብላ ከለከለችኝ። እናቴ ምስር ስትለቅም፣ እኔ አንድ ገጽ መልሼ መላልሼ ሳነብ ዋልን። ጭጋጉ ከገደሉ ሥር እየወጣ ደጁን ሲሸፍነው፣ ሲገልጠው በየመሐሉ ተነስቼ መንገዱን አያለሁ። ስትመለስ ፊቷ በአቧራ ነጭ ሆኗል። ዓይኗን አይቼ አወቅሁ።

ከቤቱ ጀርባ ወሰደችኝና "አገኘኋት። እሷው ናት ለቅሶ የመጣችው" አለች። "ደህና ናት። ሴት ልጅ አላት፣ መሄድ የጀመረች።"

"እንዳያት ትፈቅዳለች?"

"አንድ ነገር ጠይቂልኝ ነው ያለችው። 'እናቴ ያን ቀን አውቃኛለች ወይ?' የዚህን መልስ ሳትሰማ ማንንም አታይም።"

አላወቀቻትም ቢባል፣ እናቷ ረስታታለች። አውቃታለች ቢባል ደግሞ፣ አይታ ዝም ብላታለች። የትኛው መልስ እህቴን እንደሚመልስልኝ አላውቅም።

"አንቺ ጠይቂልኝ" አልኳት።

"እኔ እስከ ደጅ ነው የምሠራው፤ ጓዳ አልገባም። ይሄ የአንቺ ነው።"

ገባሁ። እናቴ ምስሩን እንደያዘች ናት። አጠገቧ ተቀምጬ፣ "እማዬ፣ አባዬ የሞተ ጊዜ ከቆላ ከመጡት ሴቶች መሐል፣ ፊቷን የሸፈነች…" አልኩ።

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። "የወለድኳት ልጅ ለቅሶ ይጠፋኛል?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"አጎቶችሽ በሩ ላይ ነበሩ። ብጠራት ያስወጧታል። ዝም ካልኩ ግን እንደ ሰዉ ተቀምጣ ታለቅሳለች። አባቷ አይደል? ይውጣላት ብዬ ነው።" ምስሩን ከሰፌዱ ዳር ወደ መሐል ሰበሰበችው፤ መልሳ በተነችው። "አንቺንም ያልነገርኩሽ፣ ብታውቂ ተነስተሽ ታቅፊያት ነበር።"

እውነቷን ነው፤ አቅፋት ነበር። እንግዳዋ ለምን ወደ ቆላ እንደወረደች፣ ምን ጥያቄ ይዛ እንደተመለሰች አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ አላለቀሰችም።

"እኔን አገር ሁሉ አጽናንቶኛል" አለች። "እሷን ማን አጽናናት? አባቷ ሞቶ ማን ደጇን ረገጠ? ለቅሶ ልደርሳት ነው።"

"አጎቶቼስ?"

"እሷን እዚህ አትምጣ አሉ እንጂ እኔን እዚያ አትሂጂ አላሉኝም።"

ጎረቤቴ መልሱን ይዛ በቀጣዩ ገበያ ወረደች። እህቴ ምን እንዳለች ስጠይቃት፣ "ልጇን አንስታ አቀፈቻት። ከዚያ 'በሚቀጥለው ገበያ ቤት ነኝ' አለች" ብላ ብቻ ነገረችኝ።

ሦስታችን አብረን ወረድን። እናቴ የሙስሊም ቤት ወግ ጠብቃ ሥጋም ጠላም አልያዘችም፤ ያዘጋጀችው በሶና ቆሎ ነው። መንገዱ በተጠማዘዘ ቁጥር አየሩ ይሞቃል። ጎረቤቴ ሹራቧን አወለቀች፤ ቀጥላ ሌላ ሹራብ አወለቀች። "እማማ፣ አሁን ነው መልኬን የሚያዩት" አለች፤ እናቴ ግን አልሰማቻትም። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ምን እያለች እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ ጎረቤቴ ጥላ ፈልጋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። "ግቢ እንጂ" አልኳት። በእጇ ሂዱ አለችን።

እህቴ በሩ ላይ ቆማለች። ፊቷ ተገልጧል፤ ከስታ አገኘኋት፣ ፀሐይም አጥቁሯታል። እናቴ እንደ ማንኛውም ለቅሶ ደራሽ ከደጁ ጀምራ ድምፅዋን አውጥታ እያለቀሰች ገባች። እህቴ በዚያ ድንኳን ውስጥ አፍና የያዘችውን ሁሉ አወጣችው። ጎረቤቶቿ ማን ሞተ እያሉ መጡ፤ የአባቷ መርዶ ነው ብለው አብረው ተቀመጡ። ባሏ ወንዶቹን ይዞ ደጅ ምንጣፍ አነጠፈ። እኔ የእህቴን ልጅ ጭኔ ላይ አድርጌ የትንሽ ጣቶቿን ጥፍር ሳይ ዋልሁ።

መኪናው ከመመለሱ በፊት መነሳት ነበረብን። እህቴ እስከ ጭነት መኪናዎቹ ድረስ ሸኘችን። ከዚያ ወዲያ የአንኮበር ሰው ይበዛል፤ ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳበችው። ክንዷን ይዤ ቆምኩ። "አደግሽ እኮ" አለችኝ፤ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ተዘረፈ ሰው ነበር ያለችው። መኪናው ሲነሳ እጇን ጎኑ ላይ አድርጋ እየተራመደች ተከተለች፤ ሲፈጥንባት ለቀቀችው።

ዳገቱን መውጣት ጀመርን። ብርዱ ተመልሶ መጣ፤ ጎረቤቴ ሹራቦቿን አንድ በአንድ መልሳ ለበሰች። አንኮበር ልንደርስ ስንል፣ ዕድሜዋን ሙሉ የአልዩ አምባን ገበያተኛ በደጇ ስታሳልፍ የኖረችው እናቴ ወደ እኔ ዘወር አለችና፣ "ቀጣዩ ገበያ መቼ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።