ስቴፕለር የተመታበት ምዕራፍ

መምህሩ የተማረው ጂኦግራፊ ነው። ካርታ ስጡትና ወንዙን ከምንጩ እስከ ባሕሩ ይተርክላችኋል። የሒሳብ አስተማሪ ጠፋና ርእሰ መምህሩ «ለአንድ ሴሚስተር ብቻ ያዝልን» አሉት። ያ አንድ ሴሚስተር ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ተማሪዎቹ ምን ይሳናቸዋል፣ «ጋሽ ካርታ» አሉት።

ሰነፍ አልነበረም፤ ይሄ ይነገርለት። ጠዋት ጠዋት የመልስ መጽሐፉን ሸምድዶ ይገባል። ጥያቄው ትንሽ ቁጥር ከቀየረ ግን ላብ ያጠምቀዋል። ትሪጎኖሜትሪማ ጭራሽ አልገባ አለው። አላውቅም ለማለት አፈረ። ስለዚህ በየዓመቱ መጀመሪያ ስቴፕለር ይዞ ይመጣና «ይሄ ምዕራፍ ፈተና ላይ አይመጣም፣ ጊዜያችሁን አታባክኑ» እያለ በሁሉም መጽሐፍ የዚያን ምዕራፍ ገጾች አንድ ላይ ይመታቸዋል። ልጆቹ ደስታቸው። ንባብ ሲቀንስለት የሚከፋው ማን አለ?

ዘንድሮ ከተማሪዎቹ አንዷ የወንድሙ ልጅ ነበረች። ወንድሙ ሲሞት በአራት ዓመቷ ወስዶ ያሳደጋት እሱ ነው፤ አባዬ ነው የምትለው። ምህንድስና ገብታ ድልድይ መሥራት ነበር ምኞቷ፣ ሌላ ወሬም አልነበራት። ተራዋ ሲደርስ መጽሐፏን ይዛ ቀረበች።

«አባዬ፣ እርግጠኛ ነህ?»

«ነገርኩሽ እኮ።»

አርባ ልጅ እያየው እሷን ብቻ ምን ብሎ ይለያት? የሷንም መታው።

የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው መጣ፤ ሌላ ጊዜ አንድ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይወጣበት ከነበረው ከዚያው ምዕራፍ ዘንድሮ አሥራ ሁለት ጥያቄ። ውጤት ሲወጣ ለምህንድስና አራት ነጥብ ጎደላት።

የዚያን ዕለት ከሥራ ሲገባ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ የስቴፕለሩን ሽቦ በጥፍሯ ስትነቅል አገኛት። በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«አባዬ፣ አይመጣም ያልከን ምን አይተህ ነው?»

መዋሸት ይችል ነበር። ደከመው።

«አላውቀውም ነበር፣ ልጄ።»

አልጮኸችበትም። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር።

«አላውቀውም ብትለኝ እኮ ብቻዬን አነበው ነበር» አለችው፣ ቀና ሳትል።

ከዚያ ገጹን ገለጠች። እሱም ሄዶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ምሳሌ አነበበች፣ እርሳስ አነሣች፣ ጻፈች፣ አንዴ ሰረዘች፣ እንደገና ጻፈች። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀባትም። መልሱን ከኋላ አይታ ትክክል መሆኑን ስታረጋግጥ ነው እሱ ያለቀሰው።