ጽዋው ቀጥሎ የማን ነው?

አስተርጓሚነት የጀመርኩት በጣልያን ጊዜ፣ መቀሌ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቀን አለቃዬ፣ ከሮማ የመጣ ምሁር፣ ተቀመጥ እንኳ ሳይለኝ «እኔ የማጠናው ሶቾሎጂያ ነው» አለኝ። ጣልያንኛ አስመራ ስማር ይህን ቃል ሰምቼው አላውቅም። እንጀራዬ ገና ሳይጀመር ሊያልቅ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ታሪክ ነው?» አልኩት።

«ታሪክ ጸሐፊ አንድ ጊዜ የሆነውን ይጠይቃል። እኔ ሰዎች ደጋግመው፣ አብረው የሚያደርጉትን ነው።»

«እንግዲያው ሕግ ነው?»

«ሕግ መደረግ ያለበትን ይናገራል፤ እኔ የሚደረገውን። የአንድ ሰው የውስጥ ጭንቀት ደግሞ የሥነ ልቦና ሊቅ ሥራ ነው።»

የእኔ ጭንቀት እሱን እንደማይመለከተው ያኔ ገባኝ።

ጨው ነጋዴዎችን ስለ ዕቁባቸው እንጠይቃለን፤ ልቅሶ ቤት ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ እናያለን። የማንንም ስም አንጽፍም። ሰዉ ግን ከእሱ ይልቅ እኔን ይፈራ ነበር። እሱ አገሩ ይመለሳል፣ እኔ ጎረቤት ነኝ።

አንድ እሑድ የጽዋ ማኅበር ላይ ተገኘን። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው አቦይ ኃይሉ፣ እኔን አምነው ነው ያስገቡን። ጸሎቱ አልቆ ጠላው ሲቀዳ ምሁሩ «ጽዋው ቀጥሎ የማን ነው?» አለ። የተራውን ደንብ ማወቅ ፈልጎ ነው። በዚያ ዘመን ግን ይህ ማለት በሚቀጥለው ወር ሰው የት እንደሚሰበሰብ ለጣልያን መጠቆም ነው። ተረጎምኩት።

«እግዚአብሔር የፈቀደው ይወስደዋል፣ ወደይ፣ ልጄ» አሉ አቦይ ኃይሉ፣ እኔን እያዩ። ተረኛው የእህቴ ባል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

ወሬው በማን በኩል እንደወጣ አላውቅም፤ የጸጥታው ካፒቴን ሁለታችንንም አስጠራን።

«በየወሩ ቤት እየቀያየሩ ይሰበሰባሉ አሉ። ቀጣዩ ቤት የማን ነው?»

«እኔ የማጠናው ደንቡን ነው፤ ሰዎቹን አይደለም» አለ ምሁሩ።

«ደንቡን ለራስህ ያዘው። እኔ የምፈልገው ቤቱን ነው።» ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ?»

«አላውቅም፣ ጌታዬ።»

«ቀኑ ሳይደርስ ታውቃለህ» ብሎ አሰናበተን።

ወደ ኋላዬ እየተገላመጥኩ አቦይ ኃይሉ ዘንድ ሄድኩ። ነገርኳቸው።

«ኣታ ወደይ፣ ይህ ማኅበር ከአባቶቻችን ጀምሮ ታጉሎ አያውቅም» አሉኝ። ወዲያው ጽዋው ቤተ ክርስቲያን እንዲቀመጥ፣ ማንም ተረኛው ቤት እንዳይሄድ ለአባላቱ መልእክት ላኩ።

ካፒቴኑ የእኔን መልስ አልጠበቀም። በማኅበሩ ቀን ወታደሮች ሰፈሩን ከበው ቤት ለቤት ፈተሹ። እህቴ ቤት ከእሷና ከባሏ በቀር ሰው አላገኙም። ይህን እስክሰማ እህል በአፌ አልዞረም።

ምሁሩ ቆይቶ «በዚህ ከተማ ማኅበር በየወሩ አይሰበሰብም» ብሎ ጻፈ።

«ይሰበሰብ ነበር» አልኩት። «የቆመው እኛ ስለጠየቅን ነው።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ይህንንስ የት ላግባው?» አለኝ። አቦይ ኃይሉ ጽዋው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ሳያዩ ሞቱ።

ይህን ሥራ ለምትይዙ ወጣቶች የምለው ይህን ነው፤ ስለ ኅብረተሰብ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ መልሱ ማን እጅ እንደሚገባ እወቁ።