ሕመሜን ያመኑኝ ሐኪም፣ ዶክተር አስናቀ

ዶክተር አስናቀ ባለፈው ማክሰኞ ፍራንክፈርት፣ ቦከንሃይም ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው በድንገት ልባቸው ቆሞ ዐረፉ። ይህን ለምታውቋቸው ሁሉ የምጽፈው እኔ አልማዝ፣ በሽተኛቸው የነበርኩት ነኝ።

ጀርመን በተማሪነት መጥተው ቀዶ ሐኪም ሆኑ፤ እስኪያርፉ ድረስም በሽተኛ ያዩ ነበር። እኔ ሳገኛቸው እዚያው ከተማ ፌኸንሃይም ሰፈር እየኖርኩ ኤርፖርት በጽዳት እሠራ ነበር። እህል በቀመስኩ በግማሽ ሰዓቱ ከእንብርቴ በላይ ይቆርጠኛል። ሦስት ዓመት ሐኪም ቤት ተመላለስኩ። ሆዴን በካሜራ አዩኝ፤ ምንም የለም። በመጨረሻ «ጭንቀት ነው» ብለው ወደ አእምሮ ሐኪም ላኩኝ። መብላት ፈራሁ። ቀሚሴ ከወገቤ ይወርድ ጀመር። እናቴን በስልክ ደህና ነኝ እያልኩ ሞቴን እጠብቅ ነበር።

ጎረቤቴ እሳቸው ዘንድ ወሰደችኝ። ያመጣሁትን የምርመራ ውጤት ገፋ አድርገው፣ «ወረቀቱ ይቆይ። አንቺ ንገሪኝ፣ መቼ መቼ ነው የሚያምሽ?» አሉኝ። አለቀስኩ። እያለቀስኩ ነገርኳቸው። ከዚያ ማዳመጫቸውን በመዳፋቸው አሙቀው ሆዴ ላይ አሳረፉና፣ «አየሩን ሁሉ አስወጪ» አሉ። ደጋግመው አዳመጡ።

«ደሙ በጠባብ ቦታ ሲያልፍ ድምፅ አለው፤ ይሰማኛል። አእምሮሽ ጤነኛ ነው» አሉኝ።

ቀጥሎ በተነሣሁት ምስል እንደታየው፣ ለሆድ ዕቃዬ ደም የሚያደርሰውን ቧንቧ አንድ ጅማት ተጭኖት ኖሯል። ብዙ ሰው ላይ የማይታይ ሕመም ነው። «ጅማቱን እቆርጠዋለሁ፤ ሕመሙ ግን ላይለቅሽ ይችላል፣ አልዋሽሽም» አሉኝ። ፈረምኩ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሾርባ ሲቀርብልኝ ከፍርሃት ብዛት ማንኪያውን ማንሳት አቃተኝ። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ነርሷ ሁለት ጊዜ መጥታ ጠራቻቸው። «ትጨርስና እመጣለሁ» አሏት። ጨረስኩ። ግማሽ ሰዓቱ አለፈ። ሕመሙ አልመጣም።

ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ ሐዘን ብቻ አይደለም። ሪድበርግ ሰፈር የምትኖር ሰላም የምትባል ልጅ እንደኔው እየመነመነች ነው፤ እሷንም «ጭንቀት ነው» ብለው መልሰዋታል። የፊታችን ሐሙስ እሳቸው ዘንድ ቴርሚን፣ የምርመራ ቀጠሮ፣ ነበራት። መርዶውን ስነግራት፣ «ታዲያ አሁን ማን ያምነኛል?» አለችኝ።

ዶክተር፣ እኔን አትርፈው ሄዱ። ሐሙስ ሰላምን ይዤ ሌላ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ። እዚያ ገብቼ ምን እንደምል አላውቅም። እሱም ከመለሰን ወዴት እንደምወስዳት አላውቅም። አፈሩ ይቅለልዎ፣ አባቴ።