ጎመኑን በረጨሁ ማግስት

በዐቢይ ጾም፣ የጉና ነፋስ ጓሮውን ባደረቀበት ሰሞን፣ ጎመኔን ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ወረረው። ከቅጠሉ ሥር ተለጥፎ እየመጠጠ አኮማተረው። ሐሙሲት ገበያ አንድ ሰው በውኃ ፕላስቲክ የቀዳውን መድኃኒት ሸጠልኝ። ጽሑፍ የለበትም፤ እኔም ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅሁም። አመሻሽ ላይ ረጨሁትና በማግስቱ ማልጄ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ሄድሁ። ለእናቴ ሳልነግራት።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ስመለስ እናቴ ጎመን ስትከትፍ አገኘኋት። ከጓሮ እንደቀጠፈችው፣ ጠዋትም ለየኔታ አንድ እቅፍ እንደሰጠቻቸው ነገረችኝ። ቢላዋውን ነጥቄ፣ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ ብዬ ወጣሁ።

የኔታ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ብቻቸውን የሚኖሩ የድጓ መምህር ናቸው። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ሰሞኑን ግን አሟቸው ስለነበር፣ ቀድመው በልተው ይሆን እያልሁ ዳገቱን ሮጥሁት። ስደርስ ጎመኑ እንጀራው ላይ ወጥቷል፤ እሳቸው ገና ሳይቀምሱ ቆመው ይጸልያሉ።

«የኔታ፣ እንዳይበሉት። መርዝ ረጭቼበታለሁ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «እናትሽስ ቀምሳለች?»

አልጠየቅኋትም ነበር።

ተመልሼ ስጠይቃት፣ ስትከትፍ አንድ አገዳ ነክሳ እንደተፋች ተናገረች። ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። ነርሷ የመድኃኒቱን ስም ጠየቀችኝ፤ ጽሑፍ በሌለው ፕላስቲክ የተገዛ ነው አልኋት። እናቴ አልጋ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ አፏን አፏን እያየሁ፣ እስኪመሽ አቆዩን። ምንም አልሆነችም።

የተረጨውን ጎመን ሁሉ ነቅዬ ቀበርሁት።

ከፋሲካ በኋላ በተከልሁት ችግኝ ላይ ክሽክሹ ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ወቅጬ ውኃ ውስጥ አሳደርሁ፤ በነጠላ ጨርቅ አጥልዬ ጥቂት ሳሙና ጨመርሁበት። መርዙን የረጨሁበትን መርጫ አልነካሁም፤ በሣር እስር እየነከርሁ ቅጠሉን ከሥሩ አራስሁት። መጀመሪያ የሞከርሁባቸው ሁለት እግር ችግኞች ሳሙናው በዝቶባቸው ተቃጠሉ። አሳነስሁት። በየሦስት ቀኑ ደጋገምሁት፤ የባሰበትን ቅጠል እየቀነጠስሁ ተባዩን በእጄ ጨፈለቅሁ። ግማሹ ጎመን ተረፈ።

ሲደርስ ደጋግሜ አጥቤ ሠራሁት። እናቴ አልነካችውም። ፊቷ ተቀምጬ አንድ ጉርሻ ዋጥሁ፣ ሌላም ጨመርሁ። ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው።