ሦስት ሳምንት የፋቅሁት ጣውላ

ጉለሌ ያለው የእናቴ ቤት ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ ጣውላ ነው። ግድግዳውን ልብ የሚለው የለም፤ ጣውላውን ግን የሰፈሩ ሴት ሁሉ ያውቀዋል። እናቴ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚተርፋትን የሻማ ቁራጭ በቆርቆሮ ታጠራቅማለች። ሲሞላ ታቀልጠውና ከእሳት አውርዳ ላምባ ትቀላቅልበታለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወለሉን በሱ ትቀባለች። ከዚያ አሮጌ የብርድ ልብስ ቁራጭ በሁለት እግሯ ረግጣ፣ ወዲያ ወዲህ እያለች ትወለውለዋለች። ወለሉ ፊት ያሳያል። እግር ግን አያስቆምም።

ስንት ጊዜ ለመንኳት! «እማዬ፣ በሞቴ፣ ይሄ ሰም ይቅርብሽ፤ አንድ ቀን ይጥልሻል» ስላት፣ «አንቺ ይልቅ አረማመድሽን አስተካክዪ፤ አርባ ዓመት ስረግጠው መቼ ጣለኝ?» ትለኛለች። ደሜ እየፈላ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

ጣላት። ከጓዳ ወደ ሳሎን ስትወጣ አንሸራተታትና ዳሌዋ ተሰበረ። ቀዶ ጥገናው ካለቀ በኋላ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ «ድጋሚ ከወደቁ የሚነሱ አይመስለኝም» አለኝ። ሳልደብቅ ነገርኳት። የሆስፒታል አልጋዋ ላይ እንደተጋደመች ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ወለሉን ቀቢልኝ፤ ሰው ሊጠይቀኝ ሲመጣ ሻክሮ እንዳያገኘው!» ወይ ጉድ! እኔ ለነፍሷ እጨነቃለሁ፣ እሷ ለጣውላ! እሺ ብዬ ዋሸኋትና ልፍቀው ቆረጥኩ።

ጠዋት ቁርሷን አድርሼ፣ ከሰዓት በጉልበቴ እንበረከካለሁ። መጀመሪያ የፈላ ውሃና ሳሙና ደፋሁበት። ሰሙ ነጭ ሆኖ ተጋገረ፤ ጣውላው ደግሞ ውሃውን ጠጥቶ ጫፉ ብድግ ብድግ አለ። የሰፈር አናጢ ጠርቼ ባሳየው «ውሃና ጣውላን ምን አገናኛቸው?» ብሎ ሳቀብኝ። በላምባ አርሼ በጠርሙስ ስባሪ እንድፍቀው፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት እንድጨርሰው ነግሮኝ ሄደ። ሳቁን አልረሳሁለትም።

ፋቅሁ። አርባ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ በቅዳሜ ላይ የተከመረ ሰም፣ እንደ ቆሸሸ ቅቤ እየተጠቀለለ ጥፍሬ ውስጥ ገባ። ጉልበቴ አበጠ። የላምባው ሽታ ከእጄ አልለቅ ብሎ ምግቡ ሁሉ ላምባ ላምባ አለኝ። መሀል ላይ ቀና ብዬ እናቴን እረግማታለሁ፤ ወዲያው «አምላኬ ይቅር በለኝ» እልና ተመልሼ እንበረከካለሁ። ሦስት ሳምንት! ሲያልቅ ወለሉ ግራጫ፣ ሻካራ፣ አስቀያሚ ሆነ። በካልሲ ተራመድኩበት። ያዘኝ፤ አላንሸራተተኝም። መሬት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከሆስፒታል በምትወጣበት ቀን ቁልፉን ለጎረቤታችን ሰጠኋቸው። የእናቴ የዕድር ባልንጀራ ናቸው፤ እኔንም አዝለው ያሳደጉኝ። «ቤቱን ትንሽ ያናፍሱልኝ» ብቻ ነው ያልኳቸው። እኔ ጅሏ! ታማ የከረመች ሴት ስትመለስ ይሄ ሰፈር ቤቷን እንዲሁ ከፍቶ እንደማይጠብቃት እያወቅሁ!

የመውጫ ወረቀቱ እስኪያልቅ ስምንት ሰዓት ሆነ። ከጳውሎስ ሆስፒታል ታክሲ ተኮናትሬ ስንደርስ እልልታው ከደጅ ተቀበለን። እናቴን አራት እግር ባለው የብረት መደገፊያዋ ቀስ እያደረግኩ የበሩ ደፍ ጋ አድርሼ ወደ ውስጥ አየሁ። እግዜር ያሳያችሁ! አምስት ሴቶች ተሰብስበው ወለሉን ቀብተውታል። ቀብተው ወልውለውታል። አልበቃ ብሏቸው በላዩ እርጥብ ቄጤማ ጎዝጉዘውበታል!

ጎረቤታችን ፊታቸው በላብ ወዝቶ «ልጄ፣ ወለሉ እንዲያ ገጥጦ ሳየው ክው አልኩ» አሉኝ። «አንቺማ በዚህ ሁሉ ጭንቅ የት ጊዜ አግኝተሽ! ደግነቱ የሻማ ቆርቆሮዋን ጓዳ አገኘነው። እኛ እያለን ቤቷ ይፈር እንዴ?»

ምን ልበል? ልጩህባቸው? እጃቸው ቀልቷል፣ ቀሚሳቸው ጉልበቱ ላይ ሰም ይዟል፣ እናቴን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ሦስት ሳምንቴን በአንድ ጠዋት ቀብተው ገላገሉኝ።

እናቴ መፋቁን ከነጭራሹ አታውቅም። ያየችው የምታውቀውን ወለሏን ነው፤ ያብረቀርቃል። ደስ ብሏት ዘው እንዳትል ክንዷን ጨምድጄ ያዝኩ።

«እሰይ! እጃችሁ ይባረክ! መስታወት አድርጋችሁ ጠበቃችሁኝ!» አለች ጮክ ብላ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

እግሯ ግን ደፉን አላለፈም። አረማመድሽን አስተካክዪ የምትለኝ ሴት፣ ብረቱን ጨብጣ፣ የገዛ ቤቷን ወለል እንደ ሞላ ወንዝ ቆማ ታየዋለች። እልልታው ሳያበራ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«እንዳትለቂኝ» አለችኝ። «ከዚህ በፊትም ሁለቴ ጥሎኛል፤ ደብቄሽ ነው። እነሱ ሲሄዱ ፋቂልኝ።»