ቸርኬ ማስላጫው ስንት ነው?

«በዚህ ዋጋማ አዲስ እገዛበት የለ!» ይላል ሁሉም። ጎረቤቴ ላጪዋ ይህን ሳትሰማ የዋለችበት ቀን የለም።

ላጪዋ የምንላት ፀጉር ስለምትላጭ አይደለም። የምትላጨው የመኪና ቸርኬ ነው፤ ያውም የድሮውን፣ የብረቱን። እኔ ጎሚስታ ነኝ። አንድ ግቢ ለሁለት ተካፍለን ነው የምንሠራው። እኔ ጎማውን ከቸርኬው አላቅቃለሁ፣ እሷ የድሮውን ቀለምና ዝገቱን እስከ ብረቱ ትላጫለች፣ ልጇ ደግሞ አዲሱን ቀለም ትቀባለች። ሰው ዋጋ ሲነገረው ለቀለሙ አይደነግጥም፤ የሚደነግጠው ለማስላጫው ነው። ቀለም ይታያላ! ልፋት የት ይታያል? እስቲ እነሱ አንድ ቀን የሽቦ ብሩሽ ይዘው ይጎንበሱ። ቀለም የሚያነሳው መድኃኒት ዓይን ያቃጥላል፣ አቧራው ጉሮሮ ይዘጋል፣ በየጥጉ የተወሸቀው ዝገት ደግሞ በጥፍር ካልሆነ አይወጣም። ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ እጇ ዝሎ የበሩን ቁልፍ ማዞር ያቅታታል። እሷ ይህን ለደንበኛ አትናገርም። የምናገርላት እኔ ነኝ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ግን ዝምታ አልፈጠረብኝም።

ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቀለም ቀቢ ነበር። እንደሱ የሚቀባ አላየሁም፤ አንድ አመል ግን ነበረበት። ቀለሙ መድረቁን የሚያረጋግጠው በአውራ ጣቱ ነው። ቸርኬውን ይገለብጥና በጀርባው በኩል፣ ከአየር መንፊያው ቀዳዳ አጠገብ ጫን ያደርገዋል። ሁልጊዜ ሳይደርቅ ስለሚቸኩል፣ እሱ የቀባው ቸርኬ ሁሉ ጀርባው ላይ የጣቱ አሻራ አለበት።

«አንተ ሰውዬ፣ ደንበኛው የከፈለው ለቀለም ነው ለጣትህ?» ትለዋለች።

«ከጀርባ ነው፤ ማን ያየዋል?»

«እኔ አየዋለሁ!»

እሱ ይስቃል፤ በሚቀጥለው ቸርኬ ላይ ይደግመዋል።

ልጅቷ ከአባቷ ሥር ሆና ነው ሥራውን የለመደችው፤ አመሉም አብሮ ተጋባባት። እሱ ሞቶ የቀለም መርጫውን ስትረከብ እሷም ቸርኬውን ገልብጣ አውራ ጣቷን ጫን። «አትንኪው!» ትላታለች እናቷ፣ ግቢው እስኪናወጥ። በላዩ ላይ ደግማ ታስቀባታለች። ስንት ቀን ሙሉ ይህን ጩኸት እንደሰማሁ እኔና ጆሮዬ ነን የምናውቀው። በመጨረሻ ልጅቷ ተወችው።

በቅርቡ አንድ ሽማግሌ ሹፌር የአሮጌ መኪናቸውን አራት ቸርኬ ሊያሳድሱ መጡ። መኪናዋ እንጀራቸው ናት፤ ዝገቱም ቸርኬዎቹን መብላት ጀምሯል። ልጅቷ ቀለም ልትገዛ ወጥታ ነበር። እኔ ጎማዎቹን አላቅቄ ለላጪዋ አቀበልኳት። የመጀመሪያውን ገለበጠችው። ከዚያ ሁለተኛውን። ከዚያ ሦስተኛውንና አራተኛውን።

«ልጄ፣ ማስላጫው ስንት ነው?» አሉ ሽማግሌው።

ዋጋ ጠራች። ወይ ጉድ! ዓይን ያወጣ ዋጋ። ከምታስከፍለው ሦስት እጥፍ። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው መላጣቸውን ዳበሱ። «እኔን ራሴን ጨምረሽ ልትላጪ ነው እንዴ?» አሉ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ጠፋ።

እጇን ይዤ ወደ ጥግ ወሰድኳት። «አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ? የእሳቸው አቅም ይህን ይችላል? ጥለው ይሄዳሉ እኮ!»

«ይሂዱ።»

«ሥራ ጠግበሻል ማለት ነው?»

መልሳ ወደ ቸርኬዎቹ ጎተተችኝ። አንዱን ገልብጣ በጣቷ አሳየችኝ። ከመንፊያው ቀዳዳ አጠገብ የባሏ አውራ ጣት አርፎ ነበር።

«ከመታመሙ በፊት መጨረሻ የቀባቸው ናቸው» አለች። «ሌሎቹን ሁሉ እኔው ነኝ የላጨኋቸው። ደንበኛው ሊያድስ ይመጣል፣ እኔ እላጫለሁ። የቀሩኝ እነዚህ አራቱ ናቸው። እጄን እንዴት ላንሳባቸው?»

 እንደ ልማዴ አፌ ቀደመኝና ሄጄ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። እሳቸው ተነሥተው መጡ፤ አሻራውን ትክ ብለው አዩት።

«ታዲያ ያቺን ያቺን ቦታ ዝለያት። ከጀርባ ናት፤ ምን ትጎዳኛለች?» አሏት።

ፊቷ በራ። ወዲያው ግን ጎንበስ ብላ አሻራው ጫፍ ላይ በጥፍሯ ጫረችው። ቀለሙ ተነሣ፤ ከሥሩ ዝገት ነው። የአራቱንም አየች። አራቱም ያው።

«አይሆንም ጋሼ» አለች። «ዝገት ላይ አይቀባም። ብተወው ውስጥ ውስጡን ይበላና አንድ ቀን መንገድ ላይ ጉድ ይሠራዎታል። እሱ ራሱ ቢኖር እንዲህ ብሠራ አይምረኝም ነበር።» ከዚያ የወትሮውን ዋጋ ነገረቻቸው።

ሦስቱን አጎንብሳ ላጨች። አራተኛው ላይ ስትደርስ ዙሪያውን ጨርሳ መሀል ላይ ያቺን የአውራ ጣት ቦታ ብቻ አስቀረቻት። ራቁቱን በወጣ ብረት ላይ ትንሽ ሰማያዊ ቀለም። ብሩሹን አስቀምጣ ተቀመጠች። እኔ ጎማ የምነፋበትን ኮምፕሬሰር አጠፋሁት። «እኔን ይድፋኝ» አለች ቀስ ብላ፣ ብሩሹን አንሥታም ፋቀችው። አንጀቴን በላችው። ዓይኗን በክንዷ ጠራርጋ፣ «አቧራው ነው» አለችኝ። እሺ፣ አቧራ ይሁን።

ልጅቷ ስትመለስ ማንም ምንም አልነገራትም። ፀረ ዝገቱን ቀባች፣ ሲደርቅ ቀለሙን ደረበች። ሽማግሌው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሰዓታቸውን ስለሚያዩ ተጣድፋለች። የመጨረሻውን ቸርኬ ገለበጠችና ሳታስበው ከመንፊያው ቀዳዳ አጠገብ አውራ ጣቷን ጫን አደረገች።

ዞር ስትል እናቷ ከኋላዋ ቆማለች። ልጅቷ አመድ መሰለች። «ውይ፣ እማዬ! ረስቼው ነው። አሁን እሸፍነዋለሁ» ብላ መርጫውን አነሣች።

«አትንኪው!»

ግቢው ተናወጠ። ሽማግሌው ከበርጩማው ብድግ አሉ።

«እኮ ልሸፍነው ነው...»

«አትንኪው አልኩሽ። ተይው፣ እንዳለ ይድረቅ።»

ልጅቷ ግራ ገብቷት አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ሽማግሌውን አየች። እናቷ ቀለም የነካውን የልጇን አውራ ጣት ይዛ ወደ ራሷ ጉንጭ አስጠጋችው፤ ጉንጯም ሰማያዊ ሆነ።

በማግስቱ ጎማዎቹን መልሼ የገጠምኩት እኔ ነኝ። አራተኛውን ስገጥም የጎማ ማንሻ ብረቴ ያቺን ቦታ እንዳይጭራት በመዳፌ ሸፍኛት ነበር።