ለሕፃኑ የሰፋነው ብርድ ልብስ

ዛሬ ጀሞ አንድ ልብስ ሰፊ ደጃፍ ላይ በፌስታል የታጨቀ ቁርጥራጭ ጨርቅ አየሁና እግሬ ቆመ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ልትወልድ ሆስፒታል ስትገባ፣ አክስቴ ለቡ ያለው ቤታችን መጥታ ከእኔ ጋር ሰነበተች። የጠበበኝን ሰማያዊ ዩኒፎርምና የእናቴን አሮጌ ቀሚስ በአራት ማዕዘን ቆራርጣ፣ ያረጀ ጋቢ ገበር አድርገን ለሚወለደው ሕፃን ትንሽ ብርድ ልብስ ሰፋን። መርፌው ሲወጋኝ ጣቴን እየመጠጥኩ እቀጥላለሁ። ጋቢው ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ባዶ እጇን ተመለሰች። ማንም ምንም አልነገረኝም፤ ግን ገባኝ። ብርድ ልብሱን አልጋ ሥር ልሸጉጠው ስል አክስቴ እጄን ያዘች።

«አትደብቂው ልጄ። የተሰፋለት ባይመጣም የበረዳት አለች» አለችኝ።

ወስጄ እናቴ ጉልበት ላይ ጣል አደረግሁላት። ስፌቱን በጣቷ ዳበሰችው።

«ይቺ ጠማማዋ ያንቺ ናት?»

«አዎ፣ እማዬ።»

እጇን እዚያው ላይ አሳርፋ ብዙ ቆየች።

አሁን እናቴ አርጅታለች። ስለዚያ ሕፃን አንድም ቀን አንስታልኝ አታውቅም። እኔም ወንድ ይሁን ሴት እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።